የመጀመሪያውን ቋጠሮ ባለቤቱ ይፍታው

ባለፈው ጥቅምት ሁለቱንም ድስቶቼን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከቤቱ ጀርባ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደፋኋቸው። ባለቤቴ ወርቅነሽ አይታ ምክንያቱ አልጠፋትም። ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ከመሥሪያ ቤት ጡረታ የሚወጣ ሰው ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ግብዣም ይደረግለት ይሆናል። በገዛ ቤቱ ልብስ ሲያቀልም የኖረን ሰው ግን ጡረታ የሚያወጣው ጣቱ ነው። ቋጠሮ ማጥበቅ ካቃተው ሥራው አበቃ። ስለ ክፍያው ብዙ አላወራም፤ ቤተሰቤን አሳድሬበታለሁ፣ የሰው ልብስም አላጎደልኩም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳና ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ስለሆነ፣ በአጻጻፌ ስህተት ያገኘ አንባቢ ይለፈኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት በአካባቢያችን ትልቋ ከተማ ጎሬ ነበረች። ዳኛውም፣ ነጋዴውም፣ ጸሐፊውም እዚያ ኮረብታው ላይ ነበር። እኔ ከገጠር ሥራ ፍለጋ ወጥቼ የተቀጠርኩት እትዬ ዘነበች ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ ነው። ሥራቸው ከል ማቅለም ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ነጭ ልብሱን ይዞላቸው ይመጣል፤ እሳቸው ጥቁር አድርገው ይመልሱለታል፤ ሐዘንተኛው ዓመት ሙሉ ያንን ለብሶ ይቆያል። የእኔ ሥራ መጀመሪያ ላይ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥና ድስቱን በረጅም እንጨት ማማሰል ነበር።

እትዬ ዘነበች ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቅርብ ካልሆነ የማይሰማ ሴት ነበሩ። ሐዘንተኛ በራቸው ላይ ሲቆም «ማን ሞተ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይሉና «ለስንት ሰው ነው?» ይላሉ። ቀጥለው «ወንድ ነው ሴት? ቁመቱስ?» ይላሉ። ሌላ የለም። አንድ ቀን ለምን እንደማይጠይቁ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ጋ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲናገሩ ነው የመጡት» አሉኝ። «እዚህ እንኳ ይረፉ።»

ይህን አነጋገር ከእሳቸው ወረስኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በሬ ላይ ለቆመ ሰው እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ። በኋላ አንድ ቀን ጉድ እንዳደረገኝ በቦታው እነግራለሁ።

ከከሉ ሌላ የደስታ ሥራም ነበራቸው። ለሙሽራ የሚሆን ሻሽና የትራስ ልብስ በቋጠሮ ያቀልሙ ነበር። ጨርቁን ቆንጥረው መሐሉ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ያስገቡና አንገቱን በቃጫ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ከቀለሙ ወጥቶ ሲፈታ የታሰረው ቦታ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ለብቻው ድስት ነበራቸው። የከሉ ድስትና የደስታው ድስት አንድ ምድጃ ላይ ተጥደው አያውቁም።

ቃጫ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ክር ውሃ ሲነካው ይላላል፤ ከእንሰት የሚወጣ ቃጫ ግን ያብጣል፤ ስለዚህ ቋጠሮው ድስት ውስጥ እያለ ይበልጥ ይጠብቃል። ነገር ግን እንሰት ወዝ አለው፤ ያ ወዝ ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ በምንም ሳሙና አይለቅም። እትዬ ዘነበች ከገበያ የመጣውን ቃጫ በአመድ ውሃ ይዘፈዝፉታል፣ በእንጨት ይወቅጡታል፣ አጥበው አጥሩ ላይ ያሰጡታል። ጎሬ ደግሞ ፀሐይ የሚወጣው እየተለመነ ነው። ቃጫው እስኪነጣ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ደንበኛ ቢቆጣ አይሰሙም። አጥሩ ሥር ቆመው ቃጫውን እንደ ልጅ ያናግሩታል፦ «አንቺ፣ ፀሐይ ሳትጠግቢ እጄ አትገቢም!»

ከዚያ በኋላም አያምኑትም። ዘለላውን አርጥበው የገዛ ቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ ፈተግ ያደርጉታል። ካልበከለ ያስሩበታል፤ ከበከለ ተመልሶ አመድ ውሃ ይገባል። ስለዚህ የቀሚሳቸው ጠርዝ ዙሪያውን ቡናማ ነጠብጣብ ነበር። እኔ ያኔ በልቤ ንጽሕና የጎደላቸው ሴት ናቸው እል ነበር። ወጣት ሰው አይቶ የማይረዳው ነገር ብዙ ነው።

ሌላው ልማዳቸው ይህ ነው፤ የደስታ ሥራ ሲሆን የመጀመሪያውን ቋጠሮ ራሳቸው አይፈቱም። እንደታሰረ ያደርቁትና ባለቤቱ ሲመጣ ያቀርቡለታል። «የመጀመሪያውን ቋጠሮ ባለቤቱ ይፍታው» ይላሉ። ሻሹ የታዘዘላት ልጅ ፈታ ነጩን ቀለበት ስታይ ትጮኻለች። እትዬ ዘነበች ፈገግ የሚሉት ያኔ ብቻ ነበር።

ከጎሬ ወደ ቡሬ የሄድኩት ሐጂ ሱልጣን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ አስጠርተውኝ ነው። የፋብሪካ ቀለም በቆርቆሮ የሚያስመጡት እሳቸው ነበሩ። መጠኑን፣ ከጨው ጋር አዋህዶ ቀለሙን ማጣበቁን የተማርኩት እሳቸው ጋ ነው። ጥብቅ አለቃ ነበሩ፤ ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ሸጠን ብንገኝ ለገዢው ሌላ ይሰጣሉ፣ እኔን ደግሞ ሳምንት ያኮርፉኛል። ሆኖም ሱቅ ሱቅ ነው፤ መፍጠን ይወዳሉ። እትዬ ዘነበች ያስለመዱኝን ትዕግሥት ያላላሁት ቡሬ ይመስለኛል። ከዚያም ወርቅነሽን አግብቼ መቱ ገባሁ፤ ሁለት ድስት ገዝቼ በገዛ ግቢዬ ሥራ ጀመርኩ።

መቱ ላይ ሰው የሚያውቀኝ በከል ሥራዬ ነበር። ሥራዬ ነውር አልነበረውም፤ ለሐዘንተኛ የሚሆን ልብስ በሥርዓት የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ወደ ግቢዬ የሚገባ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነበር የሚገባው። እኔ መንገድ ላይ ሰላም ስል ሰው ደንግጦ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ይለኛል። እኔ ለምጄው ነበር። ልጄ ዓለሚቱ ግን ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነገሩ ወደ እሷ መጣ። አንድ እሑድ የተከበሩ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ወደ ቤታችን መጥተው ነበር። ከበሩ ላይ ሲደርሱ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጥቁር ልብስ አዩ። እርስ በርስ ተያዩና ሳይገቡ ተመለሱ። ዓለሚቱ በመስኮት ታይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አባት መናገር አለበት፤ እኔ ግን እንጨት መፍለጥ ያዝኩ።

ወዲያው በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አስተማሪ በቋጠሮ የተቀለመ ሸሚዝ ለብሶ መቱ ታየ። ወጣቱ ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ዓለሚቱ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ይህንኮ እርስዎ ያውቁበታል። የእትዬ ዘነበች ሻሽ ማለት ነው።»

«ሻሽ የሴት ነው። ወንድ ልጅ ቀለበት ቀለበት ለብሶ ምን ሊመስል?»

«የሚስቅ ሰው ሊመስል» አለች። «በዚህ በር አንድ ቀን የሚስቅ ሰው ይግባ እንጂ።»

ሥራ ፈትቶ ተሰቅሎ የኖረውን የደስታውን ድስት አወረድኩት። አንድ ቃል ብቻ አስገባኋት፤ የማቀልመው እጀ ረጅም ሸሚዝ ነው፤ እጀ ጉርድ ቤቴ አይገባም። ክንዱን ገልጦ የሚዞር ሰው አልወድም፤ ይህ አቋሜ ዛሬም አልተለወጠም። በዚህ የተነሳ ከወጣቶቹ ጋር ስንጨቃጨቅ ኖርን።

«ጋሼ፣ እጀ ጉርዱ አይሻልም? ሙቀት እኮ ነው» ይለኛል አንዱ።

«መቱ ሙቀት የት አየህ? በዝናብ የሚበሰብስ ክንድ ነው ያለህ። ሸፍነው!»

እውነቱን ለመናገር ግን እጀ ረጅሙ ፈተናም ስለሆነ እወደው ነበር። ደረትና ጀርባ ሰፊ ነው፤ ስህተት ይሸፍናል። እጅጌ ግን ሁለት ነው፤ ሰው ሲጨባበጥ፣ ማዕድ ላይ ሲዘረጋ ይታያል፤ ግራው ከቀኙ ጋር ካልተመሳሰለ ሸሚዙ ከሁለት ሰው የተለቀመ ይመስላል። እኔ ሸሚዙን ከጀርባው መስመር እኩል አጥፌ እጅጌን ከእጅጌ ላይ አጋድማለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ከእጅጌው ጫፍ ከአምባሩ ጀምሬ ወደ ትከሻ፣ በጣት እየለካሁ አስራለሁ። አምባሩና ኮሌታው ድርብ ጨርቅ ስለሆነ ቀለም አይጠጣም፤ አስቀድሞ ለብ ባለ የጨው ውሃ ካልራሰ ገርጥቶ ይወጣል። ዓለሚቱ ጠጠር ታስገባለች፣ እኔ አስራለሁ። ቀስ በቀስ አንዳንድ ወጣት ወደ ግቢው መግባት ጀመረ። ቢሆንም ትልልቁ ሰው ገና ይሸሸን ነበር። የተከበረ ቤት በአደባባይ ሥራችንን ካልለበሰ በራችን የሐዘን በር ሆኖ መቅረቱ ነበር።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ከቡሬ ትእዛዝ መጣ። አቶ ገመቹ የሚባሉ፣ ቡናም መሬትም ያላቸው ሰው ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እጀ ረጅም ሸሚዝ እንዲለብሱ ፈለገ፤ መልኩ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ፣ ቀለበቱ ነጭ። ዓለሚቱ ሰምታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቡሬ ሁሉ የሚያየው ሠርግ ነው። ምን እንዳሰበች አላጣሁትም፤ እኔም ያንኑ አስቤአለሁ።

ያለኝ የነጣ ቃጫ አልቆ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፤ ገበያ ላይ ያለው ቃጫ ከእንሰቱ ከተፋቀ ገና ያልደረቀ ነው። በአመድ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ፀሐይ ግን የለም። አጥሩ ላይ አዋልኩት፣ ምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። ቀኑ ተጠጋ።

«አባባ፣ ጠርዝ ላይ አይሞክሩትም?» አለች ዓለሚቱ። «እትዬ ዘነበች ያደርጉ ነበር ብለው ነግረውኛል እኮ።»

«እትዬ ዘነበች አሮጊት ነበሩ» አልኳት። «ቃጫ ቃጫ ነው። እሰሪ!»

ሸሚዞቹ ከቀለም ወጥተው፣ ታጥበው፣ እንደታሰሩ በምድጃው ሙቀት ደረቁ። ውጭውን ሳየው ሰማያዊው እንከን የለውም። በልማዴ መሠረት ሳልፈታቸው በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወደ ቡሬ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ኮራ ብዬ ነበር የተሳፈርኩት።

አቶ ገመቹ ግቢ ዳሱ ተጥሏል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ይዘፍናሉ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ጫልቱ ተጠርተው መጡ። ሚዜዎቹም ከበቡን።

«የመጀመሪያውን ቋጠሮ ባለቤቱ ይፍታው» አልኩና የመጀመሪያውን ሸሚዝ ሰጠኋቸው።

እየሳቁ ተቀበሉኝ። ደረቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈቱ፤ ጠጠሯ ወደቀች፤ ጨርቁን ዘረጉት። ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ነጭ መሆን ያለበት ቀለበት ጥቁር ነበር። ቡናማው የቃጫው ወዝ በፍል ውሃው ወጥቶና ጠቁሮ፣ የታሰረበትን ቦታ ሁሉ እንደ ጥላሸት አክስሎታል።

«ጉራቻ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ጥቁር ማለታቸው ነው። ሸሚዙን ከእጃቸው ጣሉት። «ጉራቻ! ለልጄ ሠርግ ከል አመጣህ?»

ሁለተኛውን ፈታሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ፈታሁ። ዘፈኑ ቆመ። አንዲት ሴት «ከል አቅላሚው አይደል? እጁ እኮ አያውቅም ሌላ» ስትል ሰማሁ። ስለ ቃጫው ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ አቶ ገመቹ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ወንድሜ፣ ክፋት እንደሌለህ አያለሁ። ግን ይህን ይዘህ ከግቢዬ ውጣልኝ። ዛሬ አይሆንም።»

ሸሚዞቹን እየለቀምኩ ስጠቀልል ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ተሾመ የሚባል የወይዘሮ ጫልቱ እህት ልጅ፣ አንዱን ሸሚዝ ከእጄ መንጭቆ ለበሰው። የቡና መዛኝ ነበር፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ።

«ምን አላችሁበት?» አለ። «ነብር ነው የምመስለው። ነብር ሠርግ አይገባም ያለው ማነው?»

«አውልቅ አንተ!» ብለው ጮኹበት አክስቱ።

«እሺ ነብሩን ኮት አለብሰዋለሁ» አለና ኮቱን ደረበበት።

አመስግኜው አልወጣሁም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። መቱ ስደርስ ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥቅሉን አይታ ገባት።

«ጠርዝ ላይ አልሞከርኩትም» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችና ጥቅሉን ተቀበለችኝ።

ከቡሬ የተነሣው ወሬ ከእኔ በፊት መቱ ደርሶ ነበር። ወጣቱም ቀረ። ያ ክረምት ከባድ ነበር። ከል ብቻ አቀለምኩ። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ግን ቃጫ አሰጣለሁ፤ ሲነጣ አርጥቤ የገዛ ሸሚዜ ጫፍ ላይ ፈተግ አደርገዋለሁ። መስከረም ሲጠባ የሸሚዜ ጫፍ እንደ እትዬ ዘነበች ቀሚስ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ወርቅነሽ ልታጥበው ፈልጋ ከለከልኳት።

አንድ ቀን ግቢው በር ላይ ሳቅ ሰማሁ። ተሾመ ነው። ቡና ይዞ ወደ መቱ መጥቶ፣ ያንን ባለ ጥቁር ቀለበት ሸሚዝ እንደለበሰ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቺ ነብር አምባሯ ተተረተረ፤ ቀለሟን ሳላበላሽ እንዴት ልስፋት?»

«መጀመሪያ ደረትህን ቆልፍ» አልኩት። «ሰው ቤት ነው የገባኸው።»

ቆለፈ። ዓለሚቱ አምባሩን ሰፋችለት። በሌላ ሳምንት ኮሌታው ቆሽሾብኛል፣ በምን ልጠበው ብሎ መጣ። ከዚያ ቁልፉ ወደቀ። ከዚያ ሰማያዊው የደበዘዘ መሰለኝ አለ። እኔ ሸሚዙን ብርሃን ላይ ዘርግቼ አገላብጬ አየሁ፤ አንዲት ክር አልደበዘዘችም። ተናደድኩ።

«ይህ ልጅ ልብስ አያያዝ አያውቅም» አልኳት ወርቅነሽን። «እንዲህ ሸሚዝ የሚያቆሽሽ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ወርቅነሽ እያየችኝ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አልጠየቅኳትም።

በጥር ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ካፖርት ለብሰዋል፣ ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ገመዱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ከል ተሰጥቷል። መሐል የቆሙት የቡሬው አቶ ገመቹ መሆናቸውን ሳይ፣ ያ ትልቅ ቤት ሐዘን ገባበት ብዬ አዘንኩ። ያለፈውን ረስቼ ወጣሁና ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኳቸው። «ለስንት ሰው ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለአንድ ሰው» አሉ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱማ ረጅም ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። ሸሚዙ ቶሎ ቶሎ የሚቆሽሽበት ነው።»

ገና አልገባኝም ነበር። «ወይኔ ተሾመ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ። ከቤት ውስጥ የወርቅነሽ ሳቅ ፈነዳ፤ ተከትሎ ሽማግሌዎቹ በሩን ይዘው ሳቁ፤ አቶ ገመቹ ዕንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«የሞተብን የለም፣ ጋሼ በቀለ» አሉኝ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ያስገቡናል ወይስ እርስዎ ያን ቀን እንደወጡት እኛም ከግቢ እንውጣ?»

ከሉ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው አልፈው፣ እየሳቁ ገቡ።

ለዓለሚቱ ሠርግ የሚዜዎቹን ሸሚዝ እኔ አቀለምኩ። እጀ ረጅም፣ ሰማያዊ፣ ያንኑ የድሮውን መልክ። ቃጫው አጥር ላይ የነጣ፣ ሸሚዜ ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ የተሞከረ ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ በሙሽራው ወገን መጥተው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሸሚዙን እንደታሰረ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«እርስዎ ይፍቱት» አሉኝ። «እኔስ ፈራሁ።»

«የመጀመሪያውን ቋጠሮ ባለቤቱ ነው የሚፈታው» አልኳቸው። «ልማዱ ነው።»

ተቀበሉኝ። ቋጠሮው ጠብቆ ኖሮ በጥርሳቸው አላሉት። ጠጠሯ ጭናቸው ላይ ወደቀች። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት፤ ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት፤ ጣታቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ ዓለሚቱ ወደ ተቀመጠችበት ዞረው ሸሚዙን ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

«አዲ ነው» አሉ። «ነጭ ነው፣ ልጄ።»